መሪው ጠመመ ተብሎ መሪ አይፈታም

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚገናኙት፣ የመኪናው እግር ተሰርቶ ይወጣል፣ ከዛ መሪው እንደ በፊቱ ቀጥ አይልም። ስለዚ ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው አቆይቼ ዛሬ እነዚህን ብቻ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ከሁለት ሳምንት በፊት የመኪናዬን የፊት እግር አሰራሁ። ሁለቱም ሾክ አብዞርበር ተቀየረ፣ የታችኛው ኮንትሮል አርም (ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ) ጎሚኒዎች ማለትም ላስቲኮች ተቀየሩ፣ በግራ በኩል ደግሞ ታይሮድ ኢንዱ አዲስ ገባ። ኳኳታው ጠፍቶ ደስ ብሎኝ ነበር ግን አሁን ቀጥ ብዬ ስነዳ መሪው ትንሽ ወደ ግራ ዞሮ ነው የሚቆመው፣ 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። መኪናው ወደ የትም አይጎትትም። መካኒኩ መሪውን ፈትቼ አስተካክዬ ልሰርልህ፣ 10 ደቂቃ አይፈጅም አለኝ። ላስፈታው?

መልስ፦ ወንድሜ እንዳታስፈታው። መካኒክህ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ያደርጋል፣ ላይ ሆነህ ስታየው መሪው ቀጥ ይላል፣ ታች ያለው ጥፋት ግን እዛው ተቀምጦ ጎማህን ይበላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሪ ራኩ (መሪው ሲዞር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚንሸራተተው ጥርሳም ብረት) ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማ የሚሄዱ ሁለት ዘንጎች አሉ፣ ታይሮድ የምንላቸው። ጫፋቸው ጥርስ ስላለው እየዞሩ ይረዝማሉ ያጥራሉ፣ ጎማው ወደ ውስጥ ይይ ወይ ወደ ውጪ የሚወስነውም የነሱ ርዝመት ነው፣ ይሄንን ነው ቶ የሚሉት። ያንተ የግራው ታይሮድ ኢንድ ሲቀየር አሮጌው ስንት ዙር ገብቶ እንደነበር ተቆጥሮ ነው ወይ አዲሱ የገባው? ቢቆጠርም እንኳ አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው በጥቂት ሚሊሜትር ሊለይ ይችላል። እና የግራው ዘንግ ትንሽ ረዘመ እንበል፣ ራኩ ከጎማዎቹ መሃል በስተኋላ በሆነበት መኪና የግራው ጎማ አፍንጫ ወደ ውስጥ ማለትም ወደ ቀኝ ያያል። መኪናው ሲሄድ ሁለቱ ጎማዎች ልዩነቱን እኩል ይካፈሉታል፣ ለዛ ነው የማይጎትትህ፣ አንተ ግን ቀጥ ለማለት ሳታውቀው መሪውን ወደ ግራ ይዘህ ነው የምትሄደው። ምልክቱ ካንተ ጋር በደንብ ይገጥማል።

አሁን መሪው ተፈትቶ በጥርሱ ላይ ቢዞር ምን ይሆናል? የጎማዎቹ ቶ ምንም አልተስተካከለም፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እየተፋተጉ ነው የሚሄዱት፣ ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ካዩ የውጪው ጠርዛቸው ቶሎ ያልቃል። እጅህን በጎማው ፊት ላይ በስፋቱ ከውጪ ወደ ውስጥ ከዛ ደሞ ከውስጥ ወደ ውጪ ብታሻሸው በአንድ በኩል ለስላሳ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ ቶው ተበላሽቷል ማለት ነው፣ በሁለት ሳምንትም ሊጀምር ይችላልና ዛሬውኑ ሞክረው። ሌላው ደግሞ ራኩ ራሱ መሃሉን ያጣል፣ ወደ ግራ ስትጠመዝዝ የሚበቃህ ዙርና ወደ ቀኝ ስትጠመዝዝ የሚበቃህ ይለያያል። 

ከዛ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መሪው ላይ ያለው ኤርባግ ነው። ከመሪው ስር ክሎክ ስፕሪንግ የሚባል እንደ ጥቅል ሪባን የተጠመጠመ ሽቦ አለ፣ ኤርባጉን ጥሩንባውንና የመሪውን ቁልፎች የሚያገናኘው እሱ ነው፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የተወሰነ ዙር ብቻ ነው የሚችለው። መሪው ወልቆ ሳለ ማንም ሳያየው አንድ ሁለት ዙር ከዞረና እንደዛው ከተገጠመ አንድ ቀን ሙሉ ስትጠመዝዝ ይበጠሳል፣ የኤርባግ መብራት ይበራል፣ ኤርባጉም በሚያስፈልግበት ሰዓት አይፈነዳም። ባትሪው ሳይፈታና መኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሳይጠበቅ ኤርባግ መንካትም አደጋ ነው፣ ሰው ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። መኪናህ መንሸራተት የሚቆጣጠር ሲስተም ካለው ደሞ የመሪውን ማዕዘን የሚያነብ ሴንሰር አለው፣ እሱ የሚያነበው ከመሪው የሚወርደውን ዘንግ ስለሆነ መሪው ከላይ ቀጥ ቢልም ለሱ አንተ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሁሌ 10 ዲግሪ እየታጠፍክ ነው። እንደዛ ተሳስቶ እያነበበ እርጥብ መንገድ ላይ አንዱን ጎማ ያለቦታው ፍሬን ቢይዝብህ አስበው።

መሪ ወይም ዘንጉ የሚነካበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፣ በዛው ስራ ላይ ራኩ ወርዶ ወይ ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ተላቆ አንድ ጥርስ ተሳስቶ ከተገጠመ። ይሄን ማወቅ ቀላል ነው። ሞተሩን አስነስተህ መሪውን እስከመጨረሻው ወደ አንድ ጎን ወስደህ ከመሪው አናት ላይ ፕላስተር ለጥፍና እስከ ሌላው መጨረሻ ስንት ዙር እንደሚሄድ ቁጠር፣ 3 ዙር ከሆነ 1 ዙር ተኩል መልሰው፣ ያ የራኩ መሃል ነው። እዛ ላይ መሪው ቀጥ ካለ ከላይ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ ታይሮድ ላይ ነው። እዛም ጠማማ ከሆነ ግን ዘንጉ የተገጠመበትን ቦታ ይዩት። ባንተ ስራ ላይ ዘንጉ ስላልተነካ ቀጥ ብሎ እንደምታገኘው እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል።

ማስተካከሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርህ። የተለመደው ህግ አንዱን ታይሮድ የምታሳጥረውን ያህል ሌላውን አስረዝም ነው፣ እንደዛ ሲሆን አጠቃላይ ቶው ሳይነካ መሪው ብቻ ይዞራል። መሪው ወደ ግራ ከዞረና ራኩ ከጎማ መሃል በስተኋላ ከሆነ የግራው ያጥራል የቀኙ ይረዝማል፣ ራኩ ከፊት ከሆነ ተገላቢጦሽ ነው። ሆኖም ይሄ የሚሰራው ቶው ትክክል ሆኖ መሪው ብቻ ሲጠም ነው! ባንተ መኪና የተነካው የግራው ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም እኩል ብታዞሩ መሪው ቀጥ ይልና ጎማው መበላቱን ይቀጥላል። ስለዚ መጀመሪያ ቶው ይለካ፣ ብዙ ወደ ውስጥ ካየ መመለስ ያለበት የግራው ብቻ ነው፣ ያኔ ቶውም መሪውም አብረው ይመለሳሉ።

ስንት ይዞር ላልከኝ (አልጠየቅክም ግን መካኒክህ ይጠይቃል)፣ በብዙ ትናንሽ መኪኖች የታይሮዱ ጥርስ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ሁለቱንም በኩል በተቃራኒ አንድ አንድ ዙር ብታዞር መሪው ላይ 10 ዲግሪ አካባቢ ታገኛለህ። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ሁለት ዙር ማለት ነው። ግምት ስለሆነ በሩብ ዙር እየሄዱ ማየት ይሻላል። ከመንካታቸው በፊት ዳዶውና ጥርሱ ላይ በቀለም ምልክት ያርጉ፣ የራኩ ላስቲክ ኩፊያ አብሮ እንዳይጠማዘዝ ማሰሪያውን ያላሉት፣ ሲጨርሱም ዳዶውን ሲያጠብቁ ታይሮዱን በሌላ ቁልፍ ይያዙት፣ አለዚያ በማጥበቂያው ጊዜ ተመልሶ ይዞራል። መኪናው ከክሪክ ሲወርድ ጎማዎቹ ተጨናንቀው ስለሚቀመጡ ወዲያው አይለካም፣ ጥቂት ሜትር ወደፊት ወደኋላ ይገፋና ከዛ ነው የሚታየው። የጎማው ንፋስም በግራና በቀኝ እኩል ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ጎሚኒዎቹ ሲቀየሩ ቡሎኖቹ የት ሆነው ነው የጠበቁት? ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ነው የሚቀመጠው፣ ሁሌ ሊመለስ ይታገላል፣ ከፍታውም ይዛባል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ጎማው መሬት ነክቶ የመኪናው ክብደት ካረፈበት በኋላ ነው የመጨረሻው ማጥበቅ። እንደዛ ካልተደረገ ቡሎኖቹ ላልተው እንደገና ይጥበቁ፣ ከዛ በኋላ ነው ወደ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ በማሽን ተለክቶ ወደሚስተካከልበት) የምትሄደው፣ ቀድመህ ከሄድክ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሾክ አብዞርበር አስቀይሬ ሁለት ጊዜ አላይመንት አሰራሁ፣ ሁለቴም ወረቀቱ ላይ ሁሉም ቁጥር አረንጓዴ ነው፣ መሪዬ ግን አሁንም ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሶስተኛ ጊዜ ስሄድ ማሽኑ ትክክል ነው ያልሽው ነገር ስሜት ነው ተባልኩ። ስሜት ነው እንዴ?

መልስ፦ ስሜት አይደለም እህቴ፣ አይንሽን እመኚ። ማሽኑም አልዋሸም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው አረንጓዴ የሚነግርሽ ቁጥሮቹ ፋብሪካው በፈቀደው ክልል ውስጥ መሆናቸውን ነው እንጂ መሪው በዛ ሰዓት የት እንደነበር አይደለም። ሰራተኛው መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ አርጎ ካሰረውና ጎማዎቹን ቀጥ ካረገ፣ ቶው በሁለቱም በኩል ልክ ይሆናል፣ ወረቀቱ አረንጓዴ ይወጣል፣ መሪውም እዛው እንደጠመመ ይቀራል። ፓወር ስቲሪንግ ያለው መኪና ላይ መሪው ሲታሰር ሞተሩ መነሳት አለበት፣ ትንሽ ግራ ቀኝ ተወዝውዞ መሃሉን ሲያገኝ ነው መያዣው የሚገባው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ከታሰረ መሪው መሃል የመሰለ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ትንሽ ይፈናጠራል። ስትሄጂ አጠገቡ ቁሚና ይሄን ተመልከቺ፣ ማየት መብትሽ ነው። ቅደም ተከተሉም ይቆጠራል፣ የኋላው መጀመሪያ፣ ከዛ የፊቱ ካስተርና ካምበር (ካስተር ጎማው ለመታጠፍ የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ያለው ዝንባሌ፣ ካምበር ደግሞ ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጪ ማዘንበሉ ነው)፣ የፊቱ ቶ መጨረሻ ላይ፣ ምክንያቱም ካምበር ሲነካ ቶው አብሮ ይሄዳል። ሾክ አብዞርበር የተቀየረበት መኪና ላይ ደግሞ እሱን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች ቀዳዳቸው ትንሽ ስለሚሰፋ ካምበሩ ራሱ እንደተገጠመበት ነው የሚወጣው፣ ያንቺ ጣጣም ምናልባት ከዛ ነው የጀመረው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ መሪው አሁንም ወደ ቀኝ ከሆነ ከፊት ተነሱና ወደ ኋላ ሂዱ። መኪና የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚወስኑት የኋላ ጎማዎች ናቸው፣ ብዙ ሰው ይሄን አያስበውም። የኋላዎቹ ከመኪናው አካል ጋር ሲተያዩ ትንሽ ወደ ቀኝ ካዩ የፊቶቹም ከነሱ ጋር ትይዩ ለመሆን ወደ ቀኝ መዞር አለባቸው፣ መሪውም አብሮ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ መኪናው ትንሽ ገደድ ብሎ ነው የሚሄደው። ወረቀቱ ላይ ትረስት አንግል የሚል መስመር አለ፣ እሱ ዜሮ ወይ ለዜሮ የቀረበ መሆኑን ጠይቂ፣ የፊት ሁለት ጎማ ብቻ ተለክቶ ከሆነ ይሄ ቁጥር ከነጭራሹ አይወጣምና አራቱም ይለካ በያቸው። ሰብፍሬሙ፣ ማለትም ኮንትሮል አርሞቹ የታሰሩበት የታች ብረት፣ ስራው ላይ ወርዶ ከነበረ ጥቂት ሚሊሜትር ተንሸራቶ ታስሮ ሊሆን ይችላል፣ ያንንም ያስታውሱ።

ሙከራውን ደሞ ሜዳ በሆነ መንገድ አርጊ። መንገድ ሲሰራ ውሃ እንዲፈስ ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ነው፣ መኪና ሁሉ ትንሽ ወደ ዳር ይንሸራተታል፣ ሹፌሩም በመሪው ይመልሰዋል፣ ስለዚ ጠማማ የመሰለው መሪ ግማሹ የመንገዱ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የቆየ ጂፕ መሳይ መኪና አለኝ፣ የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ነው፣ ሞላ ነው ያለው። ልጆቼ ከፍ ይበል ብለው ሞላዎቹን በረጃጅም አስቀየሩልኝ፣ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል። ከዛ ወዲህ መሪው ጠማማ ነው። ስለ ራክ የሚጻፈው ለኔ መኪና ይሰራል ወይ?

መልስ፦ አባቴ የእርስዎ ከሌሎቹ ይለያል፣ እንደውም ይቀላል። በእርስዎ መኪና ላይ ሁለት ዘንግ አለ፣ አንዱ ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኘው ነው፣ ቶ የሚስተካከለው በሱ ነው፣ ሌላው ከመሪ ቦክሱ ክንድ ወርዶ ጎማውን የሚገፋው ድራግ ሊንክ ነው። መኪናው ከፍ ሲል ይሄ ሁለተኛው ዘንግ ይቆማል (ማለቴ ማዕዘኑ ይጨምራል)፣ ሲቆም በአግድም የሚሸፍነው ርቀት ያጥራል፣ ስለዚ ጎማዎቹን ይስባቸዋል፣ መሪው የሚጠመውም ለዛ ነው። መፍትሄው ድራግ ሊንኩ ላይ ያለውን ማስተካከያ ቱቦ አላልቶ ማዞር ነው፣ ቶው አይነካም። ጎማዎቹ መሬት ላይ ቀጥ ብለው፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ አንዱ ልጅ መሪው ጋ ይቀመጥ፣ ሌላው ከታች ቱቦውን ያዙር፣ መሪው ራሱ ሲዞር ያዩታል፣ ቀጥ ሲል ያጥብቁት። የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይ በእንጨት ይደገፉ፣ ሞተር በርቶ ሰው ከታች መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀድመው ግን አክስሉ ራሱ ወደ ጎን ሄዶ እንደሆን ይዩት። አክስሉን ከሻንሲው ጋር አግድም የሚይዝ ፓንሃርድ የሚባል ዘንግ አለ፣ እሱም መኪናው ከፍ ሲል ይቆምና አክስሉን ሻንሲው ላይ ወደታሰረበት ወገን ይስበዋል። ከሻንሲው እስከ ጎማው በግራና በቀኝ በሜትር ይለኩ፣ ልዩነቱ ከበዛ የሚረዝምና የሚያጥር ፓንሃርድ ያስፈልጋል፣ እሱ ከተስተካከለ በኋላ ነው መሪው የሚነካው። ድራግ ሊንኩና ፓንሃርዱ ከፊት ሲያዩዋቸው በተቻለ መጠን ትይዩ ይሁኑ፣ ካልሆኑ ጉድጓድ በነካ ቁጥር መሪው ከእጅ ይዞራል። የኋላው ባሌስትራ (ተደራራቢ ብረት) ከሆነም መሃሉ ላይ ያለችው ቡሎን አለመቆረጧን ይዩልኝ፣ እሷ ከተቆረጠች አክስሉ ይንሸራተትና መኪናው ገደድ ብሎ ይሄዳል፣ ፊቱን ቢያስተካክሉት ቢያስተካክሉት አይድንም።

ጥያቄ፦ መሪዬ ቀጥ ነው ግን እጄን ስለቀው መኪናው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይሄም ታይሮድ ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። መሪ መጥመምና መኪና መጎተት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መጀመሪያ ንፋስ ለካ፣ ቀጥሎ የፊት ግራና ቀኝ ጎማ አቀያይር፣ መጎተቱ ወደ ግራ ከተገለበጠ ጥፋቱ የጎማው ነው፣ ከተሰራበት ጀምሮ ወደ ጎን የሚሄድ ጎማ አለ። (ጎማህ ላይ የመሽከርከሪያ ቀስት ካለው ግን ይሄን ሙከራ ከጎን ወደ ጎን አታርግ።) ካልተቀየረ ነድተህ ስትቆም የቀኙ ቸርኬ ከግራው በጣም የሞቀ መሆኑን አስተያይ፣ ፍሬን ይዞ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ካልሆነ ካምበርና ካስተር ይለካ።

ጥያቄ፦ እግሩን ካሰራሁ በኋላ መሪው ቦታ የለውም። ወደ ቀኝ ታጥፌ ስመለስ ወደ ቀኝ ጠሞ ይቀራል፣ ወደ ግራ ታጥፌ ስመለስ ደግሞ ወደ ግራ። አላይመንት ላሰራ?

መልስ፦ አሁን አታሰራ፣ ገንዘብህ ይባክናል። አንድ ቦታ ላይ የሚጠም መሪ ማስተካከያ ያጣ ነው፣ ቦታ የሚቀያይር መሪ ግን የሆነ የሚንቀሳቀስ ወይ የሚያዝ ነገር አለው፣ ይሄ ከሁሉም ጥያቄዎች አስቸኳዩ ነውና እስኪታይ ድረስ መኪናውን አቁመው። የኮንትሮል አርም፣ የሰብፍሬምና የራክ ማሰሪያ ቡሎኖች በሙሉ በቁልፍ ይፈተሹ፣ አንዱ ሳይጠብቅ የቀረ ሊሆን ይችላል፣ ስራ በተጣደፈበት ቦታ ይሄ ይደርሳል። ከዛ ጎማው በክሪክ ተነስቶ (መኪናው በድጋፍ ላይ ይረፍ፣ በክሪክ ብቻ ስር አትግባ) በግራና በቀኝ ጎኑ ይዘህ ወዝውዘው፣ የሚላወስ ከሆነ ታይሮዱ ነው፣ ከላይና ከታች ይዘህ ሲላወስ ቦል ጆይንቱ (ኮንትሮል አርሙን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያገናኘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ወይ የጎማው ኩሽኔታ ነው።

ምንም የላላ ነገር ካልተገኘ የሚያዘውን ፈልግ። የሾክ አብዞርበሩ አናት ላይ ያለችው ኩሽኔታ ተገልብጣ ወይ ተጣማ ከገባች መሪው ሲዞር ሞላው አብሮ አይዞርም፣ ይጠመዘዝና ይመልሳል። ይሄን ለማወቅ መኪናው መሬት ላይ ሆኖ አንድ ሰው መሪውን ቀስ እያለ ሲያዞር አንተ እጅህን ሞላው ላይ ጫን አርግ፣ ካልተያዘ በለስላሳው ይዞራል፣ ከተያዘ ደግሞ ቆም ይልና ድንገት ድም ብሎ ይዘላል፣ ጣትህን በሞላው መሃል አታስገባ። ያንን የሰራው ሰው ጋር ወስደህ ያቺን ኩሽኔታ አስከፍታት፣ አላይመንቱ ከሷ በኋላ ይደርሳል።